ስሙ ያው፣ ቤቱ ሌላ

በአገር ቤት የዕድር ጥሩምባ ነፊ ሥራውን የሚጀምረው ገና ጎሕ ሳይቀድ ነው። ከአንዱ የመንደር ጥግ ወደ ሌላው እየተሻገረ ጥሩምባውን ይነፋል፤ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይናገራል። ከቤት ውስጥ «ሰምተናል» የሚል ድምፅ ከተመለሰለት ያልፋል፤ ድምፅ ካጣ ግን ቆም ብሎ ይደግማል። የጥሩምባ ነፊ ሙያ መንፋት ብቻ አይደለም፤ መሰማቱንም ማረጋገጥ ነው።

ናይሮቢ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን ጥሩምባ አይበቃም። አንዱ ኸርሊንግሃም፣ ሌላው ኢስሊ፣ ሌላው ኪሊማኒ ይኖራል፤ ኑሯቸውን ናኩሩና ሞምባሳ ያደረጉም አሉ፤ ልጆቻቸው አሜሪካና ዓረብ አገር ያሉባቸው ወላጆች ደግሞ ብዙ ናቸው። በዚህ ምክንያት በከተማዋ ያለ አንድ ዕድር በ2007 እ.ኤ.አ. ድረ ገጽ ከፈተ። የድረ ገጹ ኃላፊነት ለዕድሩ ጸሐፊ ተሰጠ። ጸሐፊው በሙያው የሒሳብ ሠራተኛ ሲሆን የኮምፒዩተሩን ነገር የተማረው ከሥራ መልስ፣ ማታ ማታ፣ ገሚሱን ከመጻሕፍት፣ ገሚሱን ደግሞ ከራሱ ስሕተት ነበር። የሞት መርዶ፣ የወር መዋጮ ማሳሰቢያ፣ የስብሰባ ጥሪ ሁሉ በድረ ገጹ ይወጣ ጀመር። አባላቱም በቀልድ «ጥሩምባው» የሚል ስም አወጡለት።

በሐምሌ 2009 እ.ኤ.አ. ሲኮም የተባለው የባሕር ሥር ገመድ ሞምባሳ ደርሶ አገልግሎት ጀመረ። እስከዚያ ድረስ የምሥራቅ አፍሪካ ኢንተርኔት ባመዛኙ በሳተላይት የሚመጣ፣ ውድና ቀርፋፋ ነበር። ገመዱ ሲገባ የዕድሩ ኮሚቴም ተነቃቃና ድረ ገጹ አሜሪካ ካለው የኪራይ ቦታው ተነሥቶ ናይሮቢ ወዳለ ሰርቨር እንዲዛወር ወሰነ። ኪራዩን በዶላር ከመላክ እዚሁ በሽልንግ መክፈል ይሻላል ተባለ። ዝውውሩ በጥቅምት ወር እንዲፈጸም ለጸሐፊው ተነገረው።

ድረ ገጽ የሚቀመጠው ሰርቨር በሚባል፣ ሌሊትና ቀን ሳይጠፋ በሚሠራ ኮምፒዩተር ውስጥ ነው። ሰርቨር በኢንተርኔት ላይ የሚገኘው በቁጥር ነው። በተለመደው አጻጻፍ ቁጥሩ በነጥብ የተለያዩ አራት ክፍሎች አሉት፤ እያንዳንዱም ክፍል ከ0 እስከ 255 ሊሆን ይችላል። ይህን ቁጥር በቃሉ የሚይዝ ሰው ስለሌለ ድረ ገጹ የዶሜን ስም ይሰጠዋል። ስሙንና ቁጥሩን የሚያገናኛቸው በመዝገብ ላይ የሰፈረ አንድ መስመር ነው፤ «ይህን ስም የጠራ ወደዚህ ቁጥር ይሂድ» ይላል። ድረ ገጹ ከአንድ ሰርቨር ወደ ሌላው ሲዛወር ስሙ እንዳለ ይቆያል፤ መለወጥ ያለበት ያ መስመር ነው። መስመሩ ካልተለወጠ ስሙን የጠራ ሰው ወደ ቀድሞው ቤት ይሄዳል። ቤቱ ባዶ ካልሆነም በሩ ይከፈትለታል፤ መሳሳቱን የሚነግረው አይኖርም።

አዲስ አበባን የሚያውቅ ሰው ይህን ለመረዳት አይቸገርም። ለገሃር የሚለው ስም የባቡር ጣቢያ ማለት ከሆነው የፈረንሳይኛ ቃል የመጣ ነው። ከጅቡቲ የተዘረጋው ሐዲድ በ1917 እ.ኤ.አ. አዲስ አበባ ከገባ ወዲህ ሠፈሩ በዚሁ ስም ሲጠራ ኖሯል። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር መስመር በ2016 እ.ኤ.አ. ሲመረቅ ግን የመንገደኛው ጣቢያ ከከተማዋ ደቡብ ምዕራብ፣ ፉሪ ለቡ ላይ ሆነ። ባቡሩ ሄደ፤ ስሙ ከቀድሞው ቦታ አልተነሣም። የስሙን ትርጉም ብቻ አምኖ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ለገሃር የወረደ መንገደኛ ያረጀ ሕንፃ ያገኛል እንጂ ባቡር አያገኝም።

ጸሐፊው ሥራውን በጥንቃቄ ጀመረ። ከዝውውሩ አንድ ሳምንት ቀደም ብሎ ገጾቹን በሙሉ ወደ አዲሱ ሰርቨር ገለበጠ። ሁሉም በትክክል መታየቱን ለመፈተንም በራሱ ኮምፒዩተር ውስጥ ያለውን «ሆስትስ» የሚባል ትንሽ ፋይል ከፍቶ የዕድሩን ስምና የአዲሱን ሰርቨር ቁጥር ጻፈበት። ኮምፒዩተር አንድን ስም ወደ ውጭ ወጥቶ ከመጠየቁ በፊት በዚህ ፋይል ውስጥ ይፈልገዋል፤ እዚያ ካገኘው ሌላ ማንንም አይጠይቅም። በዚህ ዘዴ ሌላው ሰው ሁሉ አሮጌውን ቤት ሲያይ ጸሐፊው ብቻ አዲሱን ማየት ቻለ። ፎቶግራፎቹ ወጥተዋል፤ የአማርኛው ፊደል አልተበላሸም። ሥራው አማረለት።

በዝውውሩ ሳምንት መጀመሪያ፣ እሑድ ቀን፣ ከዕድሩ መሥራቾች አንዱ ዐረፉ። በደርግ ዘመን በእግራቸው ከአገር ወጥተው፣ ከሃያ ዓመት በላይ በናይሮቢ ኖረው፣ የብዙ ስደተኛ ልጅ መጠጊያ የነበሩ ሰው ናቸው። አስከሬናቸው አገር ቤት ገብቶ ከወላጆቻቸው አጠገብ እንዲያርፍ ቤተሰቡ ወሰነ። ሰኞ ዕለት ማስታወቂያው ወጣ፤ የስንብቱ ጸሎት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት በቤተ ክርስቲያን እንደሚደረግና አስከሬኑ በዚያው ዕለት እንደሚሸኝ ይናገራል።

ማክሰኞ ማታ ጸሐፊው የዶሜኑን መዝገብ ከፍቶ ቁጥሩን ለወጠ። ረቡዕ ከሰዓት በኋላ የጉዞው ወረቀት ከታሰበው ቀድሞ አለቀ፤ በአውሮፕላን ላይ የተገኘው ቦታ ደግሞ የዓርብ ማታ ሆነ። ስንብቱም ወደ ዓርብ 8 ሰዓት መጣ። ጸሐፊው በመዝገቡ ላይ ስልካቸው ላለ አባላት በሙሉ እየዞረ ደወለ። ስልካቸው ለሌለውና በሩቅ ላሉት ደግሞ በድረ ገጹ ላይ «ቅዳሜ» የሚለውን ሰርዞ «ዓርብ» ብሎ ጻፈ። ገጹን ደግሞ ከፍቶ አየው፤ ዓርብ ይላል።

ሐሙስ ማታ የሟቹ የእኅት ልጅ ከዋሽንግተን ደወለች።

«ወንድሜ፣ ድረ ገጹ አሁንም ቅዳሜ ነው የሚለው።»

«እኔ ጋ ዓርብ ይላል» አላት ጸሐፊው ኮምፒዩተሩን እያየ። «ሰሞኑን ስላዛወርነው ነው፤ ጊዜ ይፈልጋል። ነገ እናንተም ጋ ይስተካከላል።»

ይህን ያለው ከራሱ ፈጥሮ አልነበረም። ሰርቨሩን ያከራየው ድርጅት ሠራተኛ ለውጡ በየቦታው እስኪዳረስ እስከ 48 ሰዓት ሊቆይ እንደሚችል ነግሮት ነበር። በሙያው ዘንድ በየዕለቱ የሚሰጥ ምክር ነው፤ ሐሰትም አይደለም። ነገር ግን የዶሜን መዝገብ እንደ ሬዲዮ ዜና በአየር የሚሠራጭ አይደለም። ስሙን አንድ ጊዜ ጠይቀው መልስ ያገኙ የየአካባቢው ኮምፒዩተሮች መልሱን ለተወሰነ ጊዜ በማስታወሻ ይይዙታል፤ ጊዜው ሲያልቅ ጥለውት እንደገና ይጠይቃሉ። የጊዜውን ልክ የሚወስነው የስሙ ባለቤት ነው። በዕድሩ መዝገብ ላይ የተጻፈው 86,400 ሰከንድ፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን ነበር። ማክሰኞ ማታ የተለወጠ መዝገብ ሐሙስ ማታ ድረስ ካልታየ ጥፋቱን በማስታወሻ ላይ ማላከክ አይቻልም። ጸሐፊው ይህን ስሌት ያውቀው ነበር። ዐይኑ ፊት ያለው ገጽ ዓርብ ስላለ ብቻ ሳያሰላው ቀረ።

ዓርብ ስንብቱ በሥርዓቱ ተፈጸመ፤ ማታ አስከሬኑ ወደ አገሩ ሄደ። ቅዳሜ ጠዋት ጸሐፊው የተዋሰውን ወንበር ሊመልስ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሲደርስ አንድ አዛውንት ከበሩ አጠገብ ቆመው አገኘ። ጥቁር ኮት ለብሰው በላዩ ነጠላ ደርበዋል። ከሞምባሳ በሌሊት አውቶቡስ ተሳፍረው፣ ወደ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው መምጣታቸው ነው።

«ልጄ፣ ሰው የት አለ?» አሉት።

«አባባ... ትናንት ተሸኙ እኮ።»

አዛውንቱ ጥቂት ዝም አሉ። ከኮታቸው ኪስ አራት ላይ የታጠፈ ወረቀት አውጥተው ሰጡት። «ቅዳሜ ይላል። የልጅ ልጄ ናት ከኢንተርኔት ያወጣችልኝ፤ ትናንት እኩለ ቀን ላይ።»

ጸሐፊው «እኔ ጋ ዓርብ ነው የሚለው» ሊል አፉን ከፍቶ መልሶ ዘጋው። ምን ይጠቅማቸዋል?

«ሞያሌን አብረን ነው የተሻገርነው» አሉ አዛውንቱ። «እግሬን አሞኝ ከኋላ ስቀር ግማሽ ቀን ተመልሶ መጥቶ ወሰደኝ። እኔ ደግሞ ዛሬ ልሸኘው ነበር።»

ከዚያ በኋላ አንዲት የወቀሳ ቃል አልተናገሩም። ወደ ውስጥ ገብተው ጧፍ አበሩ፤ ጸሐፊውም አብሯቸው ቆመ። ማታ እስከ አውቶቡስ ጣቢያው ሸኛቸው፤ ወረቀቱን ግን እንዲተዉለት ለመናቸው።

ቤቱ እንደገባ ወረቀቱን በመብራት ዘረጋው። በግርጌው ላይ ገጹ የታተመበት ቀንና ሰዓት፣ እንዲሁም የድረ ገጹ አድራሻ በትንንሽ ፊደል ሰፍሯል። ቀኑ አዛውንቱ እንዳሉት ዓርብ ነው። አድራሻው ግን ከመጀመሪያው ሦስቱ ደብልዩዎች የሉትም፤ በቀጥታ በዕድሩ ስም ይጀምራል። ጸሐፊው ራሱና የኮሚቴው አባላት ሁልጊዜ የሚጽፉት ከሦስቱ ደብልዩዎች ጋር ነበር። ያለ ደብልዩዎቹ ጻፈውና ከፈተው። ዓርብ ይላል። ግራ ገባውና ወረደ፤ ከቤቱ ማዶ ያለ ኢንተርኔት ካፌ ገብቶ ያንኑ ጻፈ። ቅዳሜ ይላል።

ከቤቱ ተመልሶ ኤንኤስ ሉክአፕ የተባለውን ትእዛዝ ሰጠ። ይህ ትእዛዝ አንድ ስም ወደ የትኛው ቁጥር እንደሚመራ ከመዝገብ አገልጋዮቹ የሚጠይቅ ነው። ሦስቱ ደብልዩዎች ያሉበትን ስም ሲጠይቅ የአዲሱ ሰርቨር ቁጥር መጣ። ያለ ደብልዩዎቹ ሲጠይቅ የአሮጌው መጣ። ነገሩ ተገለጠለት። በዶሜኑ መዝገብ ላይ ሁለት መስመሮች ነበሩ፤ አንዱ ለባለ ደብልዩው፣ አንዱ ለባዶው ስም። ለሰው ጆሮ አንድ ስም ይመስላሉ፤ ለመዝገቡ ግን ሁለት ስሞች ናቸው። ማክሰኞ ማታ የለወጠው የመጀመሪያውን ብቻ ነበር፤ ሁለተኛው ይከተላል ብሎ ገምቶ።

አንድ ነገር ግን ቀረው። መዝገቡ ለባዶው ስም አሮጌውን ቁጥር የሚሰጥ ከሆነ የእሱ ኮምፒዩተር አዲሱን ገጽ ከየት አመጣው? ይህን ጊዜ የዚያ ሳምንት ሙከራ ትዝ አለው። «ሆስትስ» የሚባለውን ፋይል ከፈተ። መስመሩ እንደ ጻፈው ተቀምጧል። ከመዝገብ አገልጋዮቹ ሳይጠይቅ፣ በራሱ እጅ የጻፈውን ለራሱ መልሶ እያነበበ ሰንብቶ ኖሯል። መስመሩን ሰርዞ ገጹን እንደገና ከፈተ። አዛውንቱ ያዩትን ለመጀመሪያ ጊዜ እሱም አየ፤ ቅዳሜ፣ ከጠዋቱ 3 ሰዓት።

ይህ ትንሽ ፋይል የሩቅ ዘመን ቅሪት ነው። የኢንተርኔት አባት በሆነው አርፓኔት ዘመን የኮምፒዩተሮች ሁሉ ስምና ቁጥር በአንድ ዝርዝር ላይ ይጻፍ ነበር። ዝርዝሩን ካሊፎርኒያ፣ ሜንሎ ፓርክ ባለው ኤስ አር አይ የምርምር ተቋም ውስጥ ኤልዛቤት ፌይንለር የምትመራው ክፍል ይጠብቀው ነበር፤ ሌሎቹ ቅጂውን እየወሰዱ በየኮምፒዩተራቸው ያስቀምጣሉ። ኮምፒዩተሮቹ ሲበዙ ያንዱ ቅጂ ከሌላው መለያየት ጀመረ፤ አንዱ አዲሱን ቁጥር ሲያይ ሌላው አሮጌውን ይዞ ይቀራል። በ1983 እ.ኤ.አ. ፖል ሞካፔትሪስ ዛሬ የሚሠራበትን የዶሜን ስም ሥርዓት ነድፎ አቀረበ። በዚህ ሥርዓት ሁሉን የያዘ አንድ ዝርዝር የለም። ጠያቂው ከላይ፣ ከ«ኤ» እስከ «ኤም» በ13 ፊደላት ከሚጠሩት የሥር አገልጋዮች ይጀምርና «ዶት ኮም»ን የሚያውቀው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ቀጥሎም እየወረደ ስሙ ከተመዘገበበት ይደርሳል። ቃሉን የሚሰጠው የስሙ ባለቤት የመረጠው መዝገብ ነው። በየሰዉ ኮምፒዩተር ያለው የግል ዝርዝር ግን ጨርሶ አልተሻረም፤ ዛሬም ቀድሞ የሚነበበው እሱ ነው። ለሞካሪ ይጠቅማል፤ የረሳውን ሰው ግን ብቻውን ወዳለበት ዓለም ያስገባዋል።

እርማቱ አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ጸሐፊው ሁለተኛውን መስመር ወደ አዲሱ ቁጥር ለወጠ። የማስታወሻውን ጊዜ ከ86,400 ወደ 300 ሰከንድ ዝቅ አደረገው። ይህ ግን ለወደፊቱ እንጂ ለዚያ ቀን አይረዳም፤ አሮጌውን መልስ የያዙት ኮምፒዩተሮች የተነገራቸውን አንድ ቀን መጨረሳቸው አይቀርም። ጊዜውን ማሳጠር የሚገባው ከዝውውሩ በፊት ነበር። ስለዚህ ሌላም ሥራ ሠራ። ኪራዩ እስከ ወሩ መጨረሻ ወደ ተከፈለው አሮጌ ሰርቨር ገብቶ እዚያም ላይ ስንብቱ ዓርብ መፈጸሙን የሚገልጽ ጽሑፍ አወጣ። ረቡዕ ዕለት ይህን ብቻ አድርጎ ቢሆን ኖሮ፣ ስሙ ወደ የትኛውም ቤት ቢመራ አዛውንቱ የሚያነቡት አንድ ቀን ይሆን ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ ነገሩን ለኮሚቴው አንድ በአንድ ተናገረ። አንዱ አባል «ቴክኖሎጂ እንዲህ ነው» ብሎ ሊያጽናናው ሞከረ። ጸሐፊው ግን አልተቀበለውም። ከዋሽንግተን የተደወለለት ሐሙስ ነው፤ አዛውንቱ አውቶቡስ የተሳፈሩት ዓርብ ማታ ነው። በመካከሉ አንድ ሙሉ ቀን ነበር። ልጅቱ ያየችውን ስትነግረው እሱ የመለሰላት የራሱን ኮምፒዩተር እያየ ነበር። ስንት ፊደል እንደጻፈች እንኳ አልጠየቃትም። የዕድሩ ዳኛ፣ በሀገር ቤት ጥሩምባ ሲነፋ ያደጉ ሰው፣ አዳምጠው ሲያበቁ «እንግዲህ ሰምተናል የሚል ድምፅ ሳትሰማ አትለፍ» አሉት።

ከዚያ ወዲህ ማስታወቂያ ሲወጣ ጸሐፊው የራሱን ኮምፒዩተር አያምንም። አንድ ሰው ከናይሮቢ፣ አንድ ከአዲስ አበባ፣ አንድ ከዋሽንግተን ስሙን እንደ ልማዳቸው ጽፈው ያዩትን በስልክ ያነቡለታል። አራተኛው ሰው ሞምባሳ ያሉት አዛውንት ሆኑ።

የሟቹ አርባ ሲደርስ ሥራ በሌለበት ቀን እንዲሆን ተብሎ መታሰቢያው ወደ ሳምንቱ መጨረሻ ተገፋ። ጸሐፊው ማስታወቂያውን አወጣና ሞምባሳ ደወለ። አዛውንቱ የልጅ ልጃቸውን ጠርተው ገጹን ሲያስከፍቱ፣ ልጅቷም ስታነብላቸው በስልኩ ይሰማል።

«ቅዳሜ ይላል» አሉ ተመልሰው። ጥቂት ቆዩና ጠየቁት፤ «አንተስ ጋ ምን ይላል፣ ልጄ?»

«እኔም ጋ ቅዳሜ ይላል፣ አባባ።»

«እንግዲያው እመጣለሁ።»